ለስድስት ፊልም የሚበቃ መድኃኒት

ፕሮኮፊ ሳቬሊች ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ ባለቀለም ፎቶግራፎቿ ግን እስካሁን አልታጠቡም። ምክንያቱ ሐዘን አይደለም። ምክንያቱ ቁጠባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስላይድ ፊልም፣ ማለትም በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታየው ዓይነት፣ ማጠቢያ መድኃኒት በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፤ ካርቶኑ ላይ «ለስድስት ፊልም» ተብሎ ተጽፏል። አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ ይበላሻል። ፕሮኮፊ የነበረው ፊልም ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለአንድ ፊልም ብሎ የስድስት ፊልም መድኃኒት መበጥበጥ ለእሱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት በርሜል ሙሉ ውሃ እንደማፍላት ነው። ስለዚህ ከጋግራ ባሕር ዳርቻ እንደተመለሱ ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ሌሎች አምስት እስኪሞሉ መጠበቅ ጀመረ። ሚስቱ ዚናይዳ «መቼ ነው የማየው?» ስትለው «ሲሞላ» ይላታል። ሳይሞላ ሞተች።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው በመለኪያ ፋብሪካ ነው። ከማምረቻው የሚወጣው ማስመሪያ በእርግጥ አንድ ሜትር መሆኑን እየለካ ማኅተም መምታት ነበር ሥራው። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ላይ ይቀራል። ጡረታ ከወጣም በኋላ የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ይሰነጥቃል፣ አንዱን ሻይ ቅጠል ሦስቴ ያፈላል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ በመስኮቱ ደፍ ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደተቆለለ ለክቶ ማንም ሳይጠይቀው ለጎረቤት ይናገራል።

ጎረቤት ስል ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑትን ማለቴ አይደለም። በሌኒንግራድ፣ በፎንታንካ ወንዝ አጠገብ ባለው በዚያ አፓርታማ ውስጥ ሰባት ቤተሰብ በሰባት ክፍል ይኖራል፤ ወጥ ቤቱ አንድ፣ መታጠቢያ ቤቱ አንድ፣ ኮሪደሩ አንድ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ግን ሰባት አምፖል ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አምፖል ከየክፍሉ ደጃፍ በራሱ ማብሪያ አብርቶ ይገባል፤ በሰው መብራት ፊቱን የሚታጠብ ሰው እዚያ ቤት እንደ ሌባ ነው የሚታየው።

ፕሮኮፊን ከእንቅልፉ ያባነነው አንድ ቀሚስ ነው። በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ገንፎውን እያማሰለ ዚናን አነሳና «ያች ጋግራ የለበሰቻት አረንጓዴ ቀሚስ» ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ግላፊራ ኒካኖሮቭና ከራሷ ምድጃ ዘወር አለች። ግላፊራ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ቤት ከሷ በፊት የገባ ማሞቂያው ብቻ ነው።

«የምን አረንጓዴ? የሎሚ ቢጫ ነበር።»

«አረንጓዴ ነበር፣ ግላፊራ ኒካኖሮቭና።»

«አንተ ሰውዬ፣ በእጄ የሰፋሁትን ቀሚስ ልታስተምረኝ ነው? ከመጋረጃዬ በተረፈው ጨርቅ ነው የሰፋሁላት።»

«እስቲ መጋረጃውን ያሳዩኝ።»

«መጋረጃውንማ ፀሐይ በልቶት ነጣ። ባሏ አንተ አይደለህ እንዴ? ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገብህ ለብሳው ስትውል ምን ስታይ ነበር?»

ፕሮኮፊ ገንፎውን ከምድጃው አወረደ። ክፍሉ ገብቶ ዓይኑን ጨፈነና ዚናን ሊያያት ሞከረ። መጣች፣ ግን ግራጫ ሆና መጣች። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ እሱም በእነሱ ብቻ ሲያስታውሳት ከርሞ ቀለሟ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። ፀጉሯ ግራጫ፣ ከንፈሯ ግራጫ። ዓይኗ ምን ዓይነት እንደነበር ራሱን ጠየቀ፤ አላወቀም። ያኔ ፈራ፤ ሐኪሙ «ምንም ማድረግ አይቻልም» ካለው ቀን ወዲህ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ መድኃኒቱን ገዝቶ በጠበጠው ነበር። ፕሮኮፊ ግን አምስት ፊልም ፍለጋ ጀመረ።

ትሮምቦን የተባለውን ትልቅ ጥሩምባ ይነፋ የነበረው ጡረተኛ ኤራስት ፔትሮቪች በበልግ የለቀማቸውን እንጉዳዮች ያነሳባቸው ሁለት ፊልሞች ነበሩት፤ ሰጠ። ትራም ነጂዋ ሪማ ከክራይሚያ ያመጣችው አንድ ነበራት፤ እሷም ሰጠች። ግላፊራ ካሜራ እንኳ የላትም፤ ነገር ግን የሚታደል ነገር እያለ የሷ ድርሻ እንዳይቀር የሪማን ካሜራ ተውሳ በአንድ ከሰዓት ሠላሳ ስድስቱንም ምስል ቁምሳጥኗ ላይ ጨረሰችው። አንድ ጎደለ። ፕሮኮፊ መድኃኒቱ እንዳይባክን ብሎ አዲስ ፊልም ገዛና የወጥ ቤቱን ሁለት ቧንቧዎች ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሳቸው።

«ፕሮኮፊ ሳቬሊች፣ ለምን የዚናን ፊልም ብቻ አያጥቡም?» አለችው ሪማ ቧንቧው ሥር ተንበርክኮ ስታየው።

«ለስድስት ነው የሚበቃው።»

«ቢተርፍስ?»

«ቢተርፍማ ይተርፋል» አለ ፕሮኮፊ፤ ለእሱ ይህ በቂ መልስ ነበር።

ስህተት የሠራው መመሪያውን ጮክ ብሎ ማንበቡ ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ መነጽሩን አድርጎ፣ መድኃኒቱ ፊልም ባጠበ ቁጥር እየደከመ እንደሚሄድ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ደቂቃ መጨመር እንደሚያስፈልግ፣ ለስድስተኛው ቀለም ግን ፋብሪካው ኃላፊነት እንደማይወስድ አንብቦ ጨረሰ።  ከዚያ ግላፊራ እርሳስ ፈለገች።

እሑድ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የወረፋ ዝርዝር ተለጥፎ ተገኘ። አንደኛ «ዚናይዳ ማርኮቭና» ይላል፤ ይህን ማንም አልተቃወመም። ሁለተኛና ሦስተኛ እንጉዳይ፣ አራተኛ ክራይሚያ፣ አምስተኛ ቁምሳጥን፣ ስድስተኛ ቧንቧዎች። እዚያ ቤት ወረፋ ካለ ደግሞ የስም ጥሪ አለ። ባለፈው ዓመት ለፊንላንድ ጫማ ወረፋ ሲያዝ የሌለ እግር ያስመዘገበ ሰው ስለነበር፣ አሁን ፊልሞቹ ራሳቸው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀርቡ ተወሰነ። ጥሪው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

በሦስት ሰዓት ፕሮኮፊ የት ነበር? መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገንዳው ላይ ተደፍቶ ነበር። የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ውሃ ውስጥ ደርድሮ፣ በአንድ እጁ ቴርሞሜትር በሌላው ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ውሃው ልክ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ እንዲቆም ጠብ ጠብ ያደርጋል። የዚናን ፊልም ለጥንቃቄ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ቧንቧዎቹን ጠረጴዛው ላይ ትቷቸዋል።

«ዚናይዳ ማርኮቭና» ብላ ጠራች ግላፊራ ከዝርዝሩ።

 ምድጃው ላይ የሆነ ሰው ድስት ይንተከተካል።

«ዚናይዳ ማርኮቭና» አለች ሁለተኛ፣ አሁን ድምጿ ዝቅ ብሎ። ጠረጴዛውን አየች፣ ሰዉን አየች። «የለችም» አለችና ሰረዘቻት። ጥሪ ያመለጠው መጨረሻ ነው የሚሰለፈው።

«እንጉዳይ አንድ።»

«አለ» አለ ኤራስት።

እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። «ቧንቧዎች» ስትል ሪማ ጠረጴዛው ላይ ስላየቻቸው አዝናላቸው «አሉ» አለች።

ፕሮኮፊ እጁን እያደራረቀ ሲመጣ ነገሩ አልቋል።

«ምን ማለት ነው የለችም? ኪሴ ውስጥ ነች እኮ።»

«ኪስ ወጥ ቤት አይደለም» አለ ኤራስት። «ጥሪው ደግሞ ወጥ ቤት ነው የተባለው።»

«መድኃኒቱን የማሞቀው እኔ! የማጥበው እኔ!»

«ማን እንቢ አለህ? እጠብ።»

«እሺ፣ ቧንቧዎቹም የኔ ናቸው አይደል? እነሱን መጨረሻ ላድርግና ዚናን በነሱ ቦታ አምስተኛ አድርጓት።»

ግላፊራ ምንም ሳትል በማሞቂያው አጠገብ ወደተሰቀለው ቢጫ ወረቀት በእርሳሷ ጠቆመች። የሙቅ ውሃ ወረፋ ደንብ ነው፤ ሰባት አንቀጽ አለው። አንቀጽ አራት «ተራ አይቀያየርም፣ በባልና በሚስት መካከልም ቢሆን» ይላል። ከታች የፕሮኮፊ ፊርማ አለ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ራሱ ነው የጻፈው፤ ያኔ የኤራስት ሚስት የባሏን ተራ ወስዳ ስለታጠበች አብግናው ነበር።

ዚና ስድስተኛ ሆነች።

አሁን እንዲህ አይነት ነገር ሲገጥመው ሌላ ሰው ምን ያደርጋል? ፊልም ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ የሚጫነው በድቅድቅ ጨለማ ነው። ፕሮኮፊ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ አምፖሉን አጥፍቶ፣ ጥቁሯን የማጠቢያ ጣሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በግራ እጁ የኤራስት እንጉዳይ፣ በደረት ኪሱ ዚና አለች። ቢለዋውጣቸው ማን ያየዋል? ኤራስት እንጉዳዩ ትንሽ ቢደበዝዝበት የጥላው ነው ብሎ ያልፈዋል። ፕሮኮፊ እጁን ወደ ኪሱ ላከ። የፊልሙን ክዳን በጣቱ ዳሰሰው። ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየ። ከዚያ አርባ ዓመት ሙሉ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሴንቲሜትር የሆነውን ማስመሪያ ሳይራራ ሲሰብር የኖረው እጅ ባዶውን ተመለሰና እንጉዳዩን ጫነ። ይህን ሲያደርግ ራሱን አምርሮ ጠላ።

ማጠቡ እስከ ማምሻው ወሰደ። እንጉዳዮቹ አምረው ወጡ፤ ቀያቸው ቀይ፣ ቡኒያቸው ቡኒ። የሪማ ክራይሚያ ላይ የአንድ ሰው ጀርባ ብቻ ነው ያለው፤ ሪማ አይታ «እሱን ተዉት፣ ሄዷል» አለች። የግላፊራ ቁምሳጥን ሳይቀር አማረ። ቧንቧዎቹማ እንደ ሙሽራ አብረቅርቀው ወጡ፤ ፕሮኮፊ ሊያያቸው አልፈለገም።

የዚና ተራ ሲደርስ መድኃኒቱ የሻይ አተላ መስሏል። መመሪያው አራት ደቂቃ ጨምር ይላል። ጨመረ። ለራሱ ደግሞ አንድ ጨመረ፣ መልሶ አንድ ጨመረ፤ ጣሳዋን እንደ ሕፃን እያወዛወዘ «ነይ እንጂ» ይላታል።

ስላይድ ፊልም በመታጠቡ መሃል አንድ እንግዳ ጠባይ አለው፤ ከጣሳው ወጥቶ ኃይለኛ ብርሃን ይፈልጋል። ለሌሎቹ ባለቤቶቻቸው የየራሳቸውን አምፖል አብርተው ነበር። ፕሮኮፊ የራሱን አበራ። ሃያ አምስት ዋት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ስለማይሸጥ።

ግላፊራ በበሩ አንገቷን አስገባች።

«በዚህች ጭላንጭል ነው እንዴ ዚናን የምታያት?»

«ደቂቃውን አበዛዋለሁ።»

«አንተስ ደግሞ አበዛኸው» አለችና ሄደች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሷ አምፖል በራ። ቀጥሎ የሪማ በራ። ኤራስት ኮሪደሩ ላይ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ቆየና የሱም በራ፤ የቀሩት ሦስት ቤተሰቦችም ተራ በተራ አበሩ። ሰባቱ አምፖል አንድ ላይ ሲበራ ያ መታጠቢያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ወዲያው ጥጉ ሁሉ ተገለጠ፤ የማን ሳሙና የማን መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ከማን ዕጣቢ የማን ግድግዳ እንደሻገተ፣ ሁሉም ወጣ። በሩ ላይ ተኮልኩለው ክፉኛ ተጨቃጨቁ። አንዳቸውም ግን መብራቱን አላጠፉም። ፕሮኮፊ እርጥቡን ፊልም ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ይዞ በጭቅጭቁ መሃል ዐሥር ደቂቃ ቆጠረ።

ፊልሙ ታጥቦ ገመድ ላይ ሲሰቀል ጥቁር ነበር። ውስጡ የሆነ ነገር አለ፣ ግን በዓይን አይለይም። 

በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ምስሎቹን ቆራርጦ በየክፈፋቸው አስገባና ፕሮጀክተሩን አወጣ። ፕሮጀክተሩን ከገዛ አምስት ዓመቱ ነው፤ ላምፑ ሃምሳ ሰዓት ብቻ እንደሚያገለግል ስለተጻፈበት እስካሁን አብርቶት አያውቅም። ከአልጋው በላይ አንሶላ ወጠረ፣ መጋረጃውን ዘጋ። ጎረቤቶቹ ሳይጠሩ መጥተው ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

የመጀመሪያው ምስል ወጣ። ዘንባባ ነው። ደብዛዛ፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ፣ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ቁልጭ ያለ ዘንባባ።

«ዚና የት አለች?» አለ ኤራስት።

«እዚያ፣ ሥሩ ጋ።»

ከግንዱ አጠገብ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ሴት ቆማለች። ሁለተኛው ምስል ላይ መርከብ አለ፤ ከመርከቡ ጎን አንዲት ስንዝር የማትሞላ ሴት። ሦስተኛው የባቡር ጣቢያው ነው፣ አራተኛው ሌላ ዘንባባ። ሠላሳ ስድስት ምስል አለ፤ በሁሉም ላይ ዚና ከአንድ ትልቅ ነገር አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ለመጠን ነው» አለ ፕሮኮፊ ቀስ ብሎ። «ቁመቷ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ስለሆነ ዘንባባው ስንት እንደሆነ እንዲታወቅ።»

  ጋግራ ላይ ዚና «ትንሽ ጠጋ በል» ትለው ነበር፤ «ዘንባባው አይገባም» ይላት ነበር። የዘንባባውን ቁመት አሁንም ያውቀዋል፣ አራት ሜትር ከሰባ ነው። የሷን ዓይን አያውቅም።

«ፊቷ እኮ አይታይም» አለች ግላፊራ። «ቀሚሷም ይኸው፣ ሎሚም አይደል አረንጓዴም አይደል። እስቲ ማሽኑን ወደ ኋላ ሳበው፤ ትተልቅልን።»

ሳቡት። ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ ዚና ሁለት ስንዝር ሆነች። በሩን ከፍተው ኮሪደሩ ላይ አወጡት። አሁን አንሶላው አልበቃም፤ ዘንባባው ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ባሕሩ ቁምሳጥኑ ላይ ፈሰሰ። ሪማ «ዘንባባው ምን ያደርግልናል፣ እሷን ብቻ እንያዝ» አለች። አንሶላውን ነቅለው ነጩን የመታጠቢያ ቤት በር ሸራ አደረጉት፤ እሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ፕሮጀክተሩን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ዋናው በር ይዘውት ሄዱ። ኮሪደሩ መስኮት የለውም፤ የየክፍሉ በር ሲዘጋ ቀኑ ሌሊት ይሆናል። ገመዱ አልደረሰም፤ ግላፊራ በራሷ ቆጣሪ ከሚቆጥረው ሶኬት ሰካችለት፤ ይህ በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም።

«ትንሽ ወደ ኋላ» ይላል ፕሮኮፊ ከበሩ አጠገብ ማስመሪያ ይዞ። «ሜትር ከአርባ። ትንሽ። ሜትር ከሃምሳ። ቀስ። ቁም።»

ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ማስመሪያውን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ራቅ አለና አያት።

ዚናይዳ ልክ በቁመቷ ሆና በሩ ላይ ቆማለች። የተሰቀሉት ካፖርቶች ላይ ማዕበል አለ፣ የኤራስት ብስክሌት ላይ የዘንባባ ቅጠል አለ፤ መሃል ላይ ዚና አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን እስከ መጨረሻው አውጥታለች።

 ያኔ ፎቶውን ሲያነሳ የፕሮኮፊ ዓይን የካሜራው ብርሃን መለኪያ ላይ ነበር።

«ቀጣዩን» አለ።

መርከብ። ዚና ምላሷን አውጥታለች። የባቡር ጣቢያ። ምላሷን አውጥታ አፍንጫዋንም በጣቷ ወደ ላይ ገፍታዋለች። ግላፊራ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሪማ፤ ኤራስት ትሮምቦን የሚመስል ድምፅ አወጣ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ማስመሪያ ያቆማት ሴት በየዘንባባው ሥር ስታሾፍበት ነው የከረመችው። ታዲያ ስዕሉን ለማየት እንዴት ቸኩላ ነበር። «መቼ ነው የማየው?» ስትል አብረው እንዲስቁ ነበር ለካ። ፕሮኮፊ ይህን ሲረዳ የረጠበ ዓይኑን አልጠረገም፣ ሁሉም እየሳቀ ስለሆነ የሚያየው የለም።

ወደ በሩ ሄደና ከጎኗ ቆመ። ሸሚዙ ላይ ባሕር ሆነበት።

«ወደ ግራ በል፣ ሸፈንካት» አለች ግላፊራ ከወዲያ ጫፍ።

ወደ ግራ አለ። ትከሻቸው ገጠመ።

«ፕሮኮፊ ሳቬሊች፣ ላምፑ በጣም ጋለ» አለች ሪማ። «ይሄ ከተቃጠለ ሌላ አያገኙም። ላጥፋው?»

«ተዪው፣ ይቃጠል» አለ ፕሮኮፊ፤ ወደ ሚስቱም ዞሮ ምላሱን አወጣላት።